የዳኛው ስምና የእማማ ልመና

ለመሆኑ አንድ ሰው ስንት ጣት ቢጎድለው ነው መነጽር ቤት ተቀጥሮ መሥራት የማይችለው?

እማማ ይህን ጥያቄ ሲያላምጡት ሰነባብተዋል እንጂ ለማንም አልተነፈሱትም። ሐኪም ቢጠይቁ የቅጥር ነገር አያገባኝም ይላቸዋል። የመነጽር ቤቷን ባለቤት፣ የእህታቸውን ልጅ ቢጠይቁ ትስቅባቸዋለች። ባላቸውን ቢጠይቁ ደግሞ "በየትኛው እጅ?" ብለው ነገሩን ያወሳስቡታል። ስለዚህ ጥያቄውን በሆዳቸው ይዘው፣ ጥጥና ፋሻ ጭናቸው ላይ አስቀምጠው፣ ጓዳ በርጩማ ላይ ቁጭ ብለው የልጅ ልጃቸውን ጣቶች ይቆጥራሉ። መዶሻው ጧ ሲል ይቆጥራሉ። ጧ። አሥር። ጧ። አሥር። እስካሁን አሥር።

ልጅቷን የሰፈሩ ሰው "መዶሻ" ይላታል። እናቷ ሥራ ይዟት ሌላ ከተማ ስለምትኖር ያደገችው እዚሁ እማማና አባባ እጅ ላይ ነው። ትምህርቷን ጨርሳ ሥራ ስትፈልግ ከርማ፣ ፈልጋ ፈልጋ ሲሰለቻት፣ ከአናጢው ደጅ የተጣለ ጣውላ እየለቀመች የሰው ስም መቅረጽ ጀመረች። ሰው ቤቱ በር ላይ የሚሰቅለውን፣ ስም የተጻፈበትን እንጨት ማለት ነው። መጀመሪያ የጎረቤቱን ሠራች፤ ቀጥላ የጎረቤቱን ጎረቤት። ቤቱ ውስጥ ከጠዋት ጀምሮ ጧ ጧ ስለሚል ቅጽል ስሙ ከወጣላት ቆየ፤ እሷም ሲጠሯት አቤት ትላለች።

አሠራሯ እንዲህ ነው። ስሙን በእርሳስና በማስመሪያ ወረቀት ላይ ትነድፋለች። ወረቀቱን በኮላ ጣውላው ላይ ትለጥፋለች። ጣውላውን ከጠረጴዛው ጋር ጠፍንጋ ካሰረች በኋላ መሮውን ጋደል አድርጋ ከአንዱ ወገን ትመታለች፤ ደግሞ ከሌላው ወገን ትመታለች። ሁለቱ ቁርጦች ከሥር ሲገናኙ ስንጣሪው ብድግ ይልና የፊደሉ እግር እንደ ተገለበጠ የቤት ክዳን ሾጠጥ ያለ ቦይ ሆኖ ይቀራል። ይህን ለማየት መንገደኛ በመስኮት አንገቱን ያስገባል። እማማ ግን ፊደሉ አይታያቸውም። የሚታያቸው መሮው ነው፤ ከመሮው አጠገብ ደግሞ የልጅቷ አውራ ጣት፣ ምንም ሳያውቅ የተጋደመ።

"ኧረ ቀስ" አሉ።

"ቀስ እያልኩ ነው እማማ።"

"ከዚህም ቀስ።"

"ከዚህ ቀስ ካልኩ እንቅልፍ ይወስደኛል። እንቅልፍ ሲወስደኝ ደግሞ መሮው…"

"አትጨርሺው።"

መዶሻ ሳቀች። ስትስቅ እጇ ስለሚወዛወዝ እማማ "አትሳቂ" አሉ። ዝም ስትል ደግሞ ምን ነካት ብለው ሠጉ።

እማማ ዝም ብለው የሚጨነቁ ሰው እንዳይመስሏችሁ። ጭንቀታቸው ሥራ ያውቃል። ከአሮጌ ጫማ ምላስ ለልጅቷ የጣት ከረጢት ሰፍተውላት ነበር፤ ለአሥሩም ጣት። አድርጋቸው እርሳስ ላንሳ ብትል እርሳሱ አልነሳ አለ፤ አባባም ከሳሎን ሆነው "ለዶሮ ጫማ መስፋት ጀመርሽ እንዴ?" ብለው አፌዙ። ሰሞኑን ደግሞ የሥራ ጠረጴዛው ማዕዘን ወገቧን እንዳይወጋት ብለው፣ ልጅቷ በሌለችበት ገብተው፣ ብርጭቆ ወረቀት የሚባለውን ሻካራ የእንጨት ማለስለሻዋን አንስተው አራቱንም ጥግ ፈትገው ፈትገው እንደ ሎሚ ድቡልቡል አድርገውታል። ወረቀቱ ሲያልቅ ሌላ አነሱ። እሱም ሲያልቅ ቁርጥራጩን ቆሻሻ ውስጥ ጣሉት። ለማንም አልተናገሩም፤ መልካም ሥራ ነው፣ ምን ይወራል።

አንዲት ነገር ግን ያዙልኝ። እማማ የሚጠብቁት ስለት ያለውን ነገር ብቻ ነው። መጋዝ ሲወጣ ይገባሉ። መሮ ሲወጣ ይቀመጣሉ። ብሩሽ ሲወጣ ግን "እፎይ" ብለው ፋሻቸውን ጠቅልለው ወደ ወጥ ቤት ይሄዳሉ። ብሩሽ ማንን ቆርጦ ያውቃል? በዚህ ምክንያት ስሙ ተቀርጾ ካበቃ በኋላ ጣውላው ምን እንደሚደረግ አንድም ቀን አይተው አያውቁም። ያልቃል፣ ያምራል፣ ሰው ይወስደዋል፤ በቃ።

አሁን ጠረጴዛው ላይ ያለው የዳኛው ስም ነው።

ዳኛው ጡረታ ከወጡ ቆይተዋል፤ ከችሎት ግን አልወጡም። ከመንገዱ ማዶ ያለው ትልቁ ሕንጻ ውስጥ ይኖራሉ፣ የነዋሪዎቹ ኮሚቴ ሰብሳቢም ናቸው። የመጡ ዕለት ሳሎን መሐል ቆመው፣ ቁጭ በሉ ቢባሉ እምቢ ብለው፣ ትእዛዛቸውን እንደ ብይን አነበቡት።

"ስሜ ከነማዕረጉ ይቀረጽ።"

"በምን ቀለም ይሁንልዎ?" አለች መዶሻ።

"ክብደት ባለው ቀለም።"

"ጥቁር ሰማያዊ ይሁን?"

"ተቀብያለሁ። ሥራሽ ካማረ ኮሚቴው ለሕንጻው በር ሁሉ አንቺ እንድትሠሪ ይወስናል። ካላማረ መዝገቡ ይዘጋል።"

እማማ ይህን የሰሙት ከመጋረጃው ጀርባ ሆነው ነው። "መዝገቡ ይዘጋል" ሲሉ የታሰረ ሰው ያለ መሰላቸው። ያን ቀን ዳኛው ከሄዱ በኋላ መዶሻ ግድግዳውን ተደግፋ ብዙ አሰበችና ወደ እማማ ዞረች።

"እማማ፣ ስምምነት እናድርግ። የዳኛው ከተሳካ ስለ መነጽር ቤት ዳግመኛ አታነሺብኝም። ካልተሳካ መሮዎቼን ለአናጢው ሰጥቼ መነጽር ቤት እገባለሁ። ቃሌ ነው።"

እማማ ሊደሰቱ ይገባ ነበር። መነጽር ቤቱን ያመቻቹት እሳቸው ናቸው፤ ትራስ ያለው ወንበር አለው፣ ሥራው መነጽር መወልወልና "ይሄ ፊትዎን ያሳምረዋል" ማለት ነው። "መነጽርም እኮ ይሰበራል" ብለው አባባ ስላስፈራሯቸው አንድ ሳምንት እንቅልፍ ማጣታቸው ባይቀርም፣ ከመሮ ግን በስንት ጣዕሙ። ታዲያ ልጅቷ ቃሏን ስትሰጥ እልል ማለት ለምን አቃታቸው? ይህንንም አልመለሱትም።

ቅርጹ ያለቀ ዕለት እማማ ለመጨረሻ ጊዜ ቆጠሩ፤ አሥር። ጣውላውን በመዳፋቸው ዳበስ አደረጉት። የዳኛው ስም ከነማዕረጉ፣ ፊደል በፊደል፣ ጥርት ብሎ ተቀርጿል። መዶሻ አንዴ ቫርኒሽ ነካ አድርጋ አደረቀችውና ጠዋት የቀለም ጣሳዋን ከፈተች። ብሩሽ ወጣ። እማማም እፎይ ብለው ወጡ።

ወጥ ቤት ቁጭ ብለው ድንች ይልጡ ጀመር። ቢላዋውን ሳያዩት ነው የሚልጡት፤ ዓይናቸው መስኮት ላይ ነው።

"አንቺም እኮ ስለት ይዘሻል" አሉ አባባ፣ ከጋዜጣቸው ቀና ሳይሉ።

"ይሄ ቢላዋ ያውቀኛል።"

"መሮውስ እሷን አያውቃትም?"

የጓዳው በር ተከፈተና መዶሻ ብቅ አለች። ግንባሯ ላይ ሰማያዊ ቀለም አለ፤ ፊቷ ግን ጠቁሯል። መሳቢያ ከፈተች፣ ዘጋች። ከአልጋ ሥር አየች። ቁም ሣጥኑን ከላይ እስከ ታች በረበረች። "በዚህ ቤት አንድ ነገር አስቀምጦ ማግኘት የማይቻለው ለምንድን ነው" ብላ ለራሷ አጉረመረመች፣ ቦርሳዋን አነሳችና በሩን ጓ አድርጋ ወጣች። እማማ "ቀኝሽን ያዢ፣ መኪና አይተሽ ተሻገሪ፣ አትሩጪ" እስኪሉ ደረጃውን ጨርሳለች።

"ምን ሆና ነው?" አሉ እማማ።

"የሆነ ነገር ጠፍቶባት ነዋ።"

"እንዲህ ያለ ፊት ዕቃ የጠፋበት ሰው ፊት አይደለም። ይሄ ተስፋ የቆረጠ ሰው ፊት ነው።"

ቢላዋውን አስቀምጠው ወደ ጓዳ ገቡ። ገብተው ክው አሉ።

ያ ሲሠቃዩበት የከረሙት ጣውላ በሰማያዊ ጎርፍ ተጥለቅልቋል። ቀለሙ ከቦዮቹ ሞልቶ ወጥቶ፣ የፊደሎቹን ጠርዝ ውጦ፣ በሰፊ ብሩሽ ከወዲያ ወዲህ ተለቅልቆ፣ ጥግ ድረስ ሄዷል። የማዕረጉ መጀመሪያ ላይ የብሩሽ ፀጉር ተጣብቋል። የዳኛው ስም ቀለም ገንዳ ውስጥ ወድቆ እስከ አንገቱ የሰመጠ ሰው መስሏል።

"አንተ ሰውዬ" ብለው ተጣሩ። "ና እስቲ እየው።"

አባባ መጡ፤ መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ሰቀሉ፤ አዩ።

"ቀለም ነው" አሉ።

"ቀለም መሆኑንማ አየሁ። የት እንደፈሰሰ እይ እንጂ።"

"ጣውላው ላይ።"

"እህ።"

"ታዲያ የት ይፍሰስ? ልጅቷ ስትመጣ ጠይቂያት።"

"ጠይቄ ቁስሏን ልነካካው? አላየሃትም እንዴ ፊቷን? አበላሽታዋለች። እጇ ተንቀጥቅጦ አበላሽታዋለች። አየር ልትቀበል ነው የወጣችው።"

አባባ ወደ ጋዜጣቸው ተመለሱ። እማማ ግን መቆምም መቀመጥም አቃታቸው። ልጅቷ ይህን ጣውላ ተሸክማ ዳኛው ፊት ስትቆም ታያቸው። ዳኛው በዚያ ድምፃቸው "መዝገቡ ይዘጋል" ሲሉ ታያቸው። ልጅቷ አንገቷን ስትደፋ ታያቸው፤ ይሄኛው ከመሮውም ባሰ። መሮ የቆረጠውን በፋሻ ያስሩታል፤ ይሄን በምን ይጠቀልሉታል? ቀድሞ የሚሄድ ሰው ያስፈልጋል። ነገሩን የሚያለዝብ፣ ቁጣውን በራሱ ላይ የሚቀበል ሰው። ሽርጣቸውን ፈቱ፣ የደጅ ጫማቸውን አጠለቁ።

"የት ነው?" አሉ አባባ።

"ምሕረት ልለምን።"

"ማንን?"

"ምድጃውን እንዳትነካ። ድንቹን በውሃ ሸፍነው። ጓዳ አትግባ፣ መሮው ጠረጴዛው ላይ ነው። መስኮቱን ዝጋ፣ ብርድ ይመታሃል። በሩን ለማታውቀው ሰው አትክፈት። መድኃኒትህን…"

"ሌላስ?"

"ሌላውን ስመለስ።"

እማማ ከቤት ሲወጡ ሁልጊዜ እንዲህ ናቸው። ሰውም ሲወጣ እንዲህ ናቸው። ከዚያ ቤት ያለ ማስጠንቀቂያ የወጣ ፍጥረት ቢኖር ድመቷ ብቻ ናት፤ እሷም በመስኮት ስለምትወጣ ነው።

ዳኛው በሩን የከፈቱት በፒጃማ ላይ ክራቫት አስረው ነው። ምሕረት ሊለምኑ እንደመጡ እማማ ገና ከደፉ ላይ ሲናገሩ የዳኛው ጀርባ ቀጥ አለ፣ ዓይናቸውም ፈካ። ጡረታ ከወጡ ወዲህ ምሕረት የለመናቸው ሰው የለም። እማማን አንድ ወንበር ላይ አስቀምጠው እሳቸው ከጠረጴዛው ወዲያ ዞረው ተሰየሙ።

"ስም?"

"ያውቁኛል እኮ ክቡር ዳኛ፤ ከማዶ ቤት…"

"ለመዝገቡ ነው።"

መዝገብ የሚባል ነገር አልነበረም። ጠረጴዛው ላይ ያለው የሻይ ኩባያና የተቆረሰ ዳቦ ነው። እማማ ግን ስማቸውን ከነአባታቸው ተናገሩ።

"ጉዳዩ ምንድን ነው?"

"ስምዎ ፈሰሰ።"

"ስሜ ምን ሆነ?"

"ፈሰሰ ክቡር ዳኛ። ሰማያዊ ሆኖ። ጥፋቱ ግን የኔ ነው። ስትቀርጽ አጠገቧ ቁጭ ብዬ 'ኧረ ቀስ፣ ኧረ ቀስ' እያልኩ አስደነበርኳት። ያን ጊዜ የገባ ፍርሃት ነው ቀለም ላይ የወጣው። እሷ ምን ታድርግ፣ ልጅ ናት።"

"ዕድሜዋ?"

"ሃያ ሦስት።"

"ለአካለ መጠን ደርሳለች።"

"ለሕግ ትድረስ እንጂ ለኔ ገና ናት።"

ዳኛው ይህችን ነገር ወደዷት፤ ፈገግታቸውን ግን በጉንጫቸው ውስጥ አስቀሯት። "ተከሳሿ ጥፋቷን ታምናለች?"

"እኔ አምኜላታለሁ።"

"ውክልና አለዎት?"

"አያቷ ነኝ።"

"በቂ ነው።" ዳኛው ጣታቸውን አቆላለፉ። "ጥፋት ከታመነ ክርክር የለም። ቅሬታ አልይዝባትም፤ አንድም ክፉ ቃል ከኔ አይወጣም። ትእዛዙ ግን ተሰርዟል። ነገ ጠዋት ማተሚያ ቤት ሄጄ በፕላስቲክ አሠራለሁ። መዝገቡ ተዘግቷል።"

እማማ እጅ ነሥተው፣ መርቀው፣ ዳቦው እንዳይደርቅ እንዲሸፍኑት አሳስበው ወጡ። ደረጃውን ሲወርዱ ነፍሳቸው መለስ አለች። ልጅቷን ከቁጣ አዳኗት። ማንም አይጮህባትም፤ መነጽር ቤቱም ትራስ ያለው ወንበር አለው። ሁሉም ነገር በደህና አለቀ። ብቻ ጫማቸው ውስጥ ጠጠር እንደገባ ሰው አንድ ነገር ይቆረቁራቸዋል፤ ምን እንደሆነ ግን አላወቁም።

ቤት ሲገቡ ከጓዳ ሽው፣ ሽው የሚል ድምፅ ሰሙ።

መዶሻ ተመልሳለች። ቁራጭ እንጨት ላይ አዲስ ብርጭቆ ወረቀት ጠቅልላ ጣውላውን በሙሉ ጉልበቷ ትፈትጋለች። አየሩ ሰማያዊ አቧራ ሆኗል። እጇ ባለፈበት ሁሉ ያ የፈሰሰው ቀለም እየተገፈፈ ከሥሩ የእንጨቱ ወርቅማ ፊት ብቅ ይላል፤ ቀለሙ የቀረው ቦዮቹ ውስጥ ብቻ ነው። የፊደሎቹ ጠርዝ እንደ ምላጭ ጥርት ብሏል። የማዕረጉ ግማሽ ወጥቷል፣ ግማሹ ገና ጎርፍ ውስጥ ነው።

እማማ የበሩን መቃን ያዙ።

"ያ ሁሉ ቀለም…"

"ከላይ ያለው ይሄዳል፤ ጉድጓዱ ውስጥ የገባው ይቀራል" አለች መዶሻ፣ ሥራዋን ሳታቋርጥ። "በቀጭን ብሩሽ ጠርዝ ጠርዙን ልከተል ካልሽ ስትንቀጠቀጪ ትውያለሽ። ትደፊበትና ትፈትጊዋለሽ። ሁሌም እንዲህ ነው የምሠራው።"

"ሁሌ?"

"ሁሌ። አይተሽ አታውቂም እንዴ?"

"ብሩሽ አይቆርጥማ" አሉ እማማ፣ ለራሳቸው።

"የፈተጊያ ወረቀቴን ጠራርጎ የጨረሰብኝ ሰው ባይኖር ኖሮ ይሄኔ አልቆ ነበር። ከተማውን ስዞር…" መዶሻ ቀና አለች። የእማማን ፊት አየች። ከዚያ እንደ ሎሚ የተድቦለቦለውን የጠረጴዛ ጥግ አየች። "እማማ? ምን ሆንሽ?"

"ችሎት ደርሳ መጣች" አሉ አባባ ከኋላ።

እማማ ተናገሩ። መናገር የማይሆንላቸው ነገር ኖሮ አያውቅም፤ ይሄ ግን ቃል በቃል እንደ ጥርስ ተነቀለ። መዶሻ መጀመሪያ ሳቀች። ውክልናው ላይ ሲደርሱ ሆዷን ይዛ ሳቀች። ፕላስቲኩ ላይ ሲደርሱ ሳቋ ቆመ።

"ይቅርታ ጠየቅሽልኝ።"

"አዎ።"

"ስለ የትኛው ጥፋት?"

"ስላላጠፋሽው።"

አባባ ጋዜጣቸውን ፊታቸው ላይ አድርገው ትከሻቸው ይንቀጠቀጥ ጀመር። ሌላ ጊዜ ቢሆን እማማ ይቆጧቸው ነበር።

መዶሻ የፈተጊያውን ቁራጭ አስቀመጠች፣ እጇን ጠረገች፣ ዘይት በጨርቅ ነክራ መሮዎቿን አንድ በአንድ ትወለውል ጀመር። የወለወለችውን ወፍራም ጨርቅ ላይ ትደረድራለች።

"ምን እያደረግሽ ነው?" አሉ እማማ።

"ቃል ቃል ነው። ለእህትሽ ልጅ ደውይላት።" ጨርቁን ጠቅልላ በገመድ አሰረችው።

እማማ ይህን ቀን ስንቴ በሐሳባቸው አይተውታል። በሐሳባቸው ሲያዩት እልል የሚያሰኝ ነበር። አሁን ቆጠሩ፤ ከልማድ ነው። አሥር። ሁሉም አሉ። ግን ጣቶቹ ጭኗ ላይ ተጋድመው እንደ ተረሳ ጓንት ባዶ ሆነዋል፤ ደህና ጣቶች እንዲህ ሲያስፈሩ አይተው አያውቁም። ሄደው ገመዱን ፈቱ። ትልቁን መሮ በሁለት ጣታቸው፣ የሞተ አይጥ በጭራው እንደሚያነሣ ሰው፣ እጀታውን ይዘው አወጡና ጠረጴዛው ላይ መለሱት። በሕይወታቸው መሮ ሲነኩ የመጀመሪያቸው ነው።

"ጨርሺው" አሉ።

"ለማን?"

"ለኔ። ፈትጊና ቫርኒሹን ቀቢልኝ። ነገ ጠዋት ሳይወጡ ደርሼ አስረክባቸዋለሁ።"

"ምን ብለሽ?"

"ያየሁት ልክ አልነበረም፣ ዓይኔ ነው ያሳሳተኝ…"

"እንግዲያ መነጽር ቤት መግባት ያለብሽ አንቺ ነሽ" አሉ አባባ።

"እኔ ልሂድ እንዳልል" አለች መዶሻ፣ "ይቅርታ የተጠየቀልኝ ሰው ነኝ፤ በየትኛው አፌ 'ጥሩ አድርጌ ሠርቻለሁ' እላለሁ? ግን እማማ፣ አንቺ አፍሽን ስትከፍቺ የሚወጣው ልመና ነው። 'እንደምን አደሩ' ስትዪ እንኳ የሆነ ነገር የሰበርሽ ይመስላል። ከሄድሽ አንዲት ቃል እንዳትተነፍሺ። ጣውላውን ስጪያቸው፤ ዝም በይ።"

"አንዲት ቃል?"

"አንዲት።"

እማማ ይህ ከመሮ የባሰ ነገር መሆኑ ገባቸው። ቢሆንም እሺ አሉ።

በማግስቱ ጠዋት የደረቀውን ጣውላ በፎጣ ጠቅልለው ብብታቸው ሥር አደረጉ፤ ፋሻውንም ከልማድ ኪሳቸው ከተቱ። አባባ ማስጠንቀቂያቸውን ለመቀበል ጋዜጣቸውን አጥፈው ጠበቁ። እማማ አፋቸውን ከፈቱ፤ መዶሻ ጣቷን ከንፈሯ ላይ አደረገች። ዘጉት። ምድጃውን በጣታቸው አመለከቱ። መስኮቱን አመለከቱ። የመድኃኒቱን ጠርሙስ አመለከቱና ዓይናቸውን አፈጠጡ።

"ገብቶኛል" አሉ አባባ። "ዛሬማ ከወትሮው ይበልጥ ገባኝ።"

ዳኛው ሙሉ ልብሳቸውን ለብሰው፣ ባርኔጣቸውን ደፍተው፣ ቁልፍ ይዘው ነበር በሩን የከፈቱት። ወደ ማተሚያ ቤት ሊሄዱ ነው።

"እናቴ፣ መዝገቡ ተዘግቷል እኮ።"

እማማ የተጠቀለለውን ዘረጉላቸው።

"አዲስ ማስረጃ ነው?"

አዎ በሚል ራሳቸውን ነቀነቁ። ዳኛው ወደ ቤት አስገቧቸው፣ ፎጣውን ገለጡ፣ ገልጠውም ቆዩ።

"የፈሰሰው ይሄ ነው?"

ዝም።

"እንግዲያ ትናንት የሰጡኝ ቃል ትክክል አልነበረም?"

እማማ አሁንም በአዎንታ ራሳቸውን ነቀነቁ። ዓይናቸው እንባ አቀረረ።

"ለምን እንዲህ አደረጉ?"

እማማ አፋቸውን ከፈቱ። ጉሮሯቸው ላይ ያልመጣ ነገር የለም፤ ብሩሹ፣ ጎርፉ፣ የጠረጴዛው ጥግ፣ የልጅቷ ፊት፣ ትራስ ያለው ወንበር፣ ሁሉም እየተጋፋ ጥርሳቸው ድረስ መጣ። ምላሳቸውን ነከሱ። "ኧ" ብቻ አመለጠቻቸው፤ እሷን ቃል ናት ብሎ የሚከሳቸው የለም።

"ይሁን" አሉ ዳኛው። "ዝም የማለት መብት አለዎት።"

ጣውላውን ይዘው ወደ መስኮቱ ሄዱ። ወደ ብርሃኑ ዘንበል አደረጉት። የጣታቸውን ጫፍ በመጀመሪያው ፊደል ቦይ ውስጥ አስገብተው ቀስ ብለው እስከ መጨረሻው ሄዱ። ከዚያ ስማቸውን ከነማዕረጉ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው አነበቡት፤ በዚህ ስም የሚጠራቸው ሰው ከጠፋ ቆይቶ ኖሯል። አንዴ አንብበው ደገሙት።

ባርኔጣቸውን አውልቀው ግድግዳው ላይ ሰቀሉ። መሳቢያ ከፍተው መዶሻ አወጡ። ልጅቷ ጣውላው ላይ በበሳቻቸው ቀዳዳዎች ልክ ምስማሮች መረጡና፣ እጃቸው ስለሞላ፣ ምስማሮቹን ከንፈራቸው መሐል ነከሱ። ጣውላውን ብብታቸው ሥር አድርገው፣ በሽማግሌ እጃቸው መዶሻውን ጨብጠው፣ ከውጭ በኩል ሊመቱት ወደ በሩ አመሩ።

እማማ ያን አውራ ጣት አዩት። ያን መዶሻ አዩት። በከንፈር የተነከሰውን ምስማር አዩት። "ጣትዎን" የምትል ቃል ከሆዳቸው ተነሥታ ሽቅብ ስትሮጥ ተሰማቸው፤ አፋቸውን በሁለት እጃቸው አፈኑ። ቀስ ብለው አንደኛውን እጃቸውን ወደ ኪሳቸው ሰደዱና ፋሻውን ጨበጡ። ዳኛውም ምስማራቸውን እንደነከሱ፣ አንዲት ቃል ሳይተነፍሱ ከቤት ወጡ።